ሳልዳቶ

አባቴን የጠላሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። እንዲያው የልጅ ኩርፊያ አልነበረም። ከእጁ ዳቦ አልቀበልም፣ ሲስቅ አልስቅም፣ «ትንቢት» ብሎ ሲጠራኝ «አቤት» የምለው እናቴ ስትቆነጥጠኝ ብቻ ነበር። ጥፋቱም ቀላል አልነበረም። አጎቴን ወህኒ ላስወረወረው ሰው የግቢ በር ሊሠራለት እሺ ብሎ ነበር።

አጎቴ ተክለጻድቅ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሾፌር ነበር፤ በአጋሮ ዙሪያ የተሰበሰበውን የገበሬዎች ማኅበር ቡና በአይሱዙ እየጫነ አዲስ አበባ ያደርሳል። ቡናውን ከገበሬዎቹ በአደራ ተረክቦ የሚያስጭነው አቶ ኤልያስ የሚባል ነጋዴ ነው። አንድ ቀን ያ ሁሉ ቡና የውሃ ሽታ ሆነ፤ መኪናው ባዶውን አሰንዳቦ መንገድ ዳር ቆሞ ተገኘ። አቶ ኤልያስ «ሾፌሩ ሸጦታል» አለ። አጎቴ ደግሞ «ራሱ ነው ቤቱ አስገብቶ ያስራገፈኝ፣ ከዚያ አሰንዳቦ አቁመህ ና ያለኝ» አለ። ማን ሰምቶት! አንዱ ደሞዙን ቅዳሜ ተቀብሎ ሰኞ የሚበደር ሾፌር ነው፤ ሌላው ለቤተ ክርስቲያኑም ለመስጊዱም ቆርቆሮ የገዛ ሰው። ተፈረደበት።

እናቴ ብርሃንነሽ ሰው ሳይሞትባት ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። «ወንድሜ እስኪወጣ አላቃናትም» አለች። እሁድ እሁድ ወህኒ ቤት ስንቅ ይዘን እንሄዳለን። አጎቴ በአጥሩ ማዶ ሆኖ ይስልና «ጉንፋን ነው» ይለናል። እኔም ጉንፋን ነው ብዬ አመንኩት።

አቶ ኤልያስ ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ወዳለው የአባቴ ብየዳ ቤት በእግሩ የመጣ ዕለት እኔ በርሜል ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራ እሠራ ነበር። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። የብረት ብናኝ እንዳይነካው ከደፉ ወዲህ አልገባም።

«ዘለቀ፣ የጅሬኑን ቤት ጨረስኩት። የቀረኝ በር ነው። ከላይ ወፍራም አግዳሚ ይኑረው፣ አግዳሚው ላይ የቡና ቅርንጫፍ ይሠራበት።»

«ጅማ ውስጥ ሌላ ባለሙያ ጠፋ፣ ጋሽ ኤልያስ?» አለ አባቴ።

«ባለሙያማ ሞልቷል። አንተ ስትሠራው ግን ሌላ ነው። ሰው አይቶ ምን ይላል? የሌባው የእህት ባል እንኳ እውነቱ ገብቶታል፣ ቂም አልያዘም ይላል።» ብሎ ሳቀ።

አባቴ በእጁ መዶሻ ይዞ ነበር። አሁን ይወረውረዋል ብዬ እርሳሴን ጨብጬ ጠበቅኩ። አባቴ ግን መዶሻውን በቀስታ አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ጠረገ። «እሺ፣ እሠራልዎታለሁ» አለ። ይኼን ያለው ዓይኑን ሳያነሳ ነው። በዚያች ደቂቃ ጠላሁት።

እናቴ የሰማች ዕለት ቦኖ ላይ፣ ሴቱ ሁሉ ጀሪካን ይዞ በተሰለፈበት አገኘችውና አዋረደችው። «ሆዳም! ወንድሜን ለበላ ጅብ በር ትሠራለህ? ጥርሱንም ሳልለት በላ!» አለችው። አባቴ አንገቱን ደፍቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት አንድ ቃል አትተነፍስለትም። ጎረቤት ሊያስታርቃቸው ቢመጣ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብላ ትመልሳለች። እኔም ከእሷ ጎን ቆሜ የማላውቀውን ምሳሌ በአንገቴ አጸድቃለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አልገባ አለኝ። አባቴ የብየዳ እሳት ዓይኑን ባቃጠለው ቀን እናቴ ድንች በስሱ ከትፋ በሁለቱም ዓይኑ ላይ ትደረድርና በሻሽ ታስርለታለች። ደግሞ በቀስታ ነው የምታስርለት። ምን አስቤ ነበር? እንዳያያት ዓይኑን እየሸፈነችው ነው ብዬ አሰብኩ። ቅጣት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አባቴን ሥራ ያስተማረው ጋሽ ሸኩር ነው። አርጅቶ መሣሪያ ማንሳት ቢያቅተውም ጠዋት ጠዋት መጥቶ በሩ ላይ ይቀመጣል፣ ጫቱን ይዞ፣ ሁሉንም ይተቻል። እኛ «ብየዳ» የምንለውን እሱ «ሳልዳቶ» ይላል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቃሉ ከጣሊያን ጋራዥ የቀረ ነው» አለኝ። «የእኔ አስተማሪ እዚሁ ጅማ ለጣሊያን መካኒክ ጎማ ሲያነሳ ያደገ ሰው ነበር። ብረትና ብረት ስታጋጥሚ፣ ነጥብ ነጥብ አድርገሽ ብታስይዢው ሳልዳቶ አይባልም። ነጥቡን መዶሻ ይፈታዋል። ዙሪያውን ሞልተሽ፣ ሁለቱን አንድ ድፍን ስታደርጊው ነው ሳልዳቶ። ትርጉሙ ራሱ ድፍን፣ የማይነቃነቅ ማለት ነው። ዋላሂ፣ በቋንቋቸው ሒሳብ ሲዘጉም ይቺኑ ቃል ነው የሚሏት።»

አባቴ ጭምብሉን ከፍ አድርጎ ጋሽ ሸኩርን አየው። «እኛም ሒሳባችንን እንዘጋለን» አለ።

«ቶሌ፣ እሺ» አለ ጋሽ ሸኩር፤ «ብቻ አትቸኩል።»

ስለ ክፍያው የሚያወሩ መሰለኝ። አባቴ ለአቶ ኤልያስ ብር ብሎ አጎቴን እንደሸጠ በጆሮዬ ሰማሁ ብዬ ለእናቴ ሮጬ ነገርኳት። «ዝም በይና እንጀራሽን ብዪ» አለችኝ፤ ፊቷን ግን ወደ ጓዳ አዞረች። ስታለቅስ ነው ያልኩት። ስትስቅ እንደነበር ያወቅኩት አምና ነው፤ ራሷ ነገረችኝ።

በሩ እየተሠራ ሳለ አባቴ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ይዞኝ ወደ ቡና መጋዘኖቹ ሄደ። ሊያባብለኝ ሸንኮራ ገዝቶልኝ ነበር፤ ሸንኮራውን በላሁ፣ አባቴን ግን አላናገርኩትም። ቡና ጭኖ የቆመ አይሱዙ ነበር፤ በጭነት ሳጥኑ ዙሪያ፣ ስፖንዳው ላይ፣ ሸራ የሚለብስበት ቅስት ብረት ተተክሎበታል። አባቴ ረጅም ዘንግ ይዞ የቅስቱን ከፍታ ለካና በጠመኔ ምልክት አደረገ። ለክተህ ጨረስክ፣ እንሂድ አይባል? ወዛደሮቹ ጆንያውን አውርደው እስኪጨርሱ ቁጭ ብሎ ጠበቀ። መኪናው ባዶ ሲቀር ተነስቶ እንደገና ለካ። ሁለተኛው ምልክት ከመጀመሪያው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አለ።

«ለምን ሁለቴ ትለካለህ?» ብዬ ሳላስበው አፌ አመለጠኝ።

ስላናገርኩት ደስ ብሎት ጭንቅላቴን አሻሸኝ። «መኪናም እንደ ሰው ነው፤ ሸክሙ ሲወርድለት ቀና ይላል» አለ።

ስለ አጎቴ የሚያጽናናኝ መስሎኝ ባሰብኝ። እሱን ሽጠህ እኔን ታባብላለህ ብዬ የቀረውን ሸንኮራ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት።

በሩ ጅሬን ተተከለ። የሚያምር በር ነበር፤ መካድ አይቻልም። አግዳሚው ሲወጣ አቶ ኤልያስ ከታች ቆሞ ያዝዛል፤ እኔ እናቴ የላከችውን ምሳ ይዤ ቆሜያለሁ።

«ለጊዜው በነጥብ ብቻ ያዝ አድርገው፣ ካላማረኝ ይነሳል» አለ አቶ ኤልያስ። «ደግሞ የጫነ መኪና ያሳልፋል?»

«ያሳልፋል።»

«እርግጠኛ ነህ? የጫነ ነው ያልኩህ!»

«የጫነ ያሳልፋል፣ ጋሽ ኤልያስ። ያስሞክሩት።»

አስሞከረው። ከመጋዘኑ የጫነ አይሱዙ አስመጣ፤ መኪናው ግማሽ አካሉ ገብቶ ተመልሶ ወጣ። ከቅስቱ እስከ አግዳሚው ሁለት ጣት ተርፏል። አቶ ኤልያስ ተደሰተ። ቡና ነጋዴ የሚፈራው የጫነ መኪና ነው፤ ሲተኛ የሚያስጨንቀው፣ ሲነሳ የሚያሳስበው ጭነት ነው። ስለ ባዶ መኪና ምን ብሎ ይጨነቃል?

በማግስቱ አቶ ኤልያስ አዲስ አበባ ሄደ። አባቴም አግዳሚውን ዙሪያውን ሞልቶ ሲበይድ ዋለ። ማታ እናቴ ድንች ከተፈች።

ከዚያ ወራት አለፉ። መደበኛው የቡና ሥራ በመጋዘን ስለሆነ ወደዚያ ግቢ የሚገባው የቤት መኪና ብቻ ነበር። የጭነት መኪና እዚያ ቤት የሚደርሰው በአንድ ምክንያት ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ እኔ ምኑን አውቄ። አባቴና ጋሽ ሸኩር ግን ያውቁ ነበር። ጋሽ ሸኩር በየጠዋቱ «እህስ?» ይላል። አባቴ «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ ትመጣለች» ይላል። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ጦጣ ሲያወሩ መስማት ይገርመኝ ነበር።

መጋቢት ውስጥ በአንድ ዓርብ ቀን ነው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ ከሰዓት ትምህርት ስላልነበረን እኔም ሱቁ ውስጥ ነበርኩ። የአቶ ኤልያስ ዘበኛ እያለከለከ መጣ።

«ማስተር ዘለቀ፣ ቶሎ ይድረሱ! መኪና በሩ ላይ ተሰነቀረ! ጌታዬ አብደዋል!»

አባቴ አልተጣደፈም። እጁን ታጠበ፣ ጫማውን አሰረ። ጋሽ ሸኩር ለሶላት ሊሄድ ተነስቶ ነበር። አባቴ ጠጋ ብሎ «ከጁምዓ ሲመለሱ በጅሬን በኩል ይምጡ፣ ሰውም ይዘው» አለው።

«ኢንሻአላህ። ብቻዬን አልመጣም» አለ ጋሽ ሸኩር።

እኔ የገባኝ አባቴ ልኬት ተሳስቶ የሀብታም መኪና እንዳበላሸ ነው። እንደ አጎቴ ሊያስሩት ነው! ስንት ወር የጠላሁት ሰውዬ ሊታሰርብኝ ነው ብዬ እያለቀስኩ ዳገቱን ተከትዬው ሮጥኩ።

ስንደርስ የአይሱዙው ፊት መንገድ ላይ ወጥቷል፣ ኋላው ግቢ ውስጥ ነው። ቅስቱ አግዳሚው ሥር ገብቶ ተቀርቅሯል። ሾፌሩ ኢርፋን የሚባል ልጅ እግር ነው፤ ወደፊት ቢል፣ ወደኋላ ቢል ብረቱ ይጮኻል እንጂ አይነቃነቅም። ጎማውን አስተንፍሰውም ነበር፤ አልጠቀመም። መኪናው መሐል ቆሞ በሩ አይዘጋ ነገር። ከመንገድ ሆኖ ግቢው ወለል ብሎ ይታያል፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ጆንያ በጆንያ ላይ ተከምሯል። አቶ ኤልያስ በቤት ጫማ ወዲያ ወዲህ ይላል።

«ለክቻለሁ አላልክም?» ብሎ አባቴ ላይ ጮኸ።

«ለክቻለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«የጫነ ያሳልፋል ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አሳለፈ። ስለ ባዶው አልጠየቁኝም።»

ሰበብ መሰለኝ። አባዬ ምነው ይቅርታ ብትለው ብዬ እጁን ጎተትኩት።

አቶ ኤልያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቁረጠው። አሁኑኑ ቁረጥና አውጣልኝ።»

«መብራት የለም።»

«በነጥብ ብቻ አይደል የያዝከው? በመዶሻ ይነሳል!» ብሎ ዘበኛውንና ሁለት ወዛደሮች አዘዘ። ስፖንዳው ላይ ወጥተው ይቀጠቅጡ ጀመር። የብረቱ ጩኸት ጅሬንን አዳረሰ። ከመስጊድ የሚመለሰው ሰው ጩኸቱን ሰምቶ በዚያ ባያልፍ እንኳ ጋሽ ሸኩር ይዞት መጥቷል። ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ወንድ መንገዱን ሞላው። ከመሐላቸው ከአጋሮ የመጡ ገበሬዎችም ነበሩ፤ የማኅበሩ ሰዎች።

«ማል ታቴ? ምን ሆናችሁ?» አለ ጋሽ ሸኩር፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው። ወደ አግዳሚው ቀና ብሎ አየና ሳቀ። «አትድከሙ ልጆች! ሳልዳቶ ነው እሱ፣ በመዶሻ አይፈታም!»

«ታዲያ በምን ይውጣ?» አለ አቶ ኤልያስ፤ ላብ አጥምቆታል።

አባቴ ከዚያ በፊት ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሕዝቡ ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ፣ በጣቱ ክምሩን እያሳየ ተናገረ። «ቡናውን መልሰው ይጫኑበታ! ሲጫን ባሌስትራው ይተኛል፣ መኪናው ዝቅ ይላል፣ ይወጣል። ይሄ በር ባዶ አያስወጣም!»

ከዚያ ሕዝቡ አንድ ላይ ወደ ጆንያዎቹ ዞረ። ከገበሬዎቹ አንዱ በመኪናው ጎን ሾልኮ ገባና የመጀመሪያውን ጆንያ ገለበጠው። የማኅበሩ አረንጓዴ ማኅተም አለበት። «ይሄ እኮ ትናንት ለአዲስ አበባ ያስጫንነው ነው!» አለ በኦሮምኛ፤ ሌላው በአማርኛ ደገመው፤ ሁሉም እየተቀባበለ ደገመው።

ኢርፋን ከመሪው ወረደ። «እኔ የለሁበትም! አራግፍና አሰንዳቦ አቁመህ ና ያለኝ እሱ ነው!»

አሰንዳቦ የሚለውን ስሰማ የአባቴን እጅ ለቀቅኩ። አጎቴ ያለው ቃል ነው። እናቴ መቼ እንደመጣች እንጃ፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ ወጣች። አቶ ኤልያስ ፊት ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፣ ጥለቱን ወደ ታች መለሰችና ደግማ ለበሰች።

«ወንድሜም ይኼንኑ ነበር ያለው» አለችው። «አንድም ቃል ሳይጨምር። እንግዲህ አንተም ጉንፋኑን ቅመሰው።»

ከዚያ ብቻዋን እልል አለች። ያ እልልታ አሁንም ደስ ይለኛል። ሰው በሰው ውርደት መደሰት የለበትም የሚሉ አሉ፤ እነሱ ወንድማቸው አልታሰረባቸውም።

አቶ ኤልያስ ወህኒ ገባ፤ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ አጎቴ ወጣ። እኔም ለዓመታት ያመንኩት አባቴ ልኬት ተሳስቶ እግዜር በስህተቱ እንደፈረደ ነበር። ክፍል ውስጥ እንዲህ ብዬ ተርኬዋለሁ። አድጌ ሱቁ ውስጥ ዘንግ ያዥ ስሆን ነው አባቴ ሁለቱን የጠመኔ ምልክቶች ያስታወሰኝ። አግዳሚውን ያዋለው በሁለቱ መሐል ነው። ቦኖ ላይ የወረደበት ስድብም ቢሆን ቤት ውስጥ የተለማመዱት ነው፤ አቶ ኤልያስ በአባቴ እንዲተማመን። «ሆዳም ይበቃል፣ ጅብ አትጨምሪ» ብሏት ነበር አሉ። እሷ ጨመረች።

አጎቴ ሲወጣ ሳሉ አብሮት ወጣ። መኪና ዳግም አልነዳም፤ የቤታችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ይውላል። አቶ ኤልያስ ፍርዱን ጨርሶ የተፈታ ሰሞን ሽማግሌዎች መጡ። እናቴ አሻፈረኝ አለች። አጎቴ ግን «እኔ ነኝ የተበደልኩት፣ እኔ እናገራለሁ» ብሎ ኮቱን ለበሰና ተከተላቸው። እኔም አብሬ ሄድኩ። በዚያው በር ሥር አቶ ኤልያስ ድንጋይ ተሸክሞ ጎንበስ አለ። አጎቴ ድንጋዩን አወረደለት፣ አቀፈው፣ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም እንዲህ ያለ ልብ ከየት መጣ ብዬ አለቀስኩ። አጎቴ ዓመት ሳይቆይ ሞተ፤ ጉንፋን ያለው የሳንባ በሽታ ነበር።

በጆሮው ያለውን አጎቴ ለአባቴ አጫውቶት ኖሯል፤ አባቴ ሊሞት ሲል ነገረኝ። «ይቅር ብዬሃለሁ። አግዳሚው ግን አይነካም። የቆረጥከው ቀን ይቅርታዬ ይፈርሳል፤ ልጆችህ በሥሩ ሲወጡ ሲገቡ ስሜን ያስታውሱ።» የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይኸው ከሃያ ዓመት በላይ፣ ጅማ ያ ቤት «ባዶ የማያስወጣው» ይባላል።

አሁን ሱቁ የእኔ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት በሩ ላይ ቆመች፤ በእኔ ዕድሜ አካባቢ ናት፣ መኪናዋን አስነስታ ትታዋለች። የአቶ ኤልያስ ልጅ ሔራን ነኝ አለችኝ።

«አባዬ አልጋ ላይ ነው፤ ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዱት ብለውናል» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ነው የሚለው። በዚያ ብረት ሥር ሬሳዬ አይውጣ ይላል። ቀንና ሌሊት ይኼንኑ ነው። ሌላ ባለሙያ ልናስቆርጥ ስንል፣ በእነ ዘለቀ እጅ ካልሆነ አይነካም ብሎ ያለቅሳል። እባክሽ ቁረጪልን።»

ግራይንደሩ ግድግዳው ላይ ነበር፣ መብራትም ነበር። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

«የአጎቴን ሬሳ እኛ ያወጣነው ገና ጎልማሳ ሆኖ ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ። አባቴ ያደረገውን አውቃለሁ፣ አልክድም» አለች፤ እንባዋ ወረደ። «ግን እኔ ምን አጠፋሁ? በዚያ በር ሥር እየተሳቀብኝ ነው ያደግኩት። ያን ጊዜ እኮ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ!»

«እኔም የዘጠኝ ነበርኩ» አልኳት።

ጭምብሌን አወረድኩና ብየዳውን ለኮስኩ። ጭምብል ከወረደ ከእሳቱ በቀር ምንም አይታይም። መቼ እንደሄደች አላየሁም።